ከላይ የተሠራ ቤት፣ ከታች የሚደርስ ጎርፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ከተማ መስፋትና ስለ ወንዞች ጥያቄ ያላችሁ እንድትጽፉልኝ ጠይቄ ነበር። ዛሬ የማነሣቸው አራት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ ቢመጡም ጉዳያቸው አንድ ነው፦ ሰው ቤት የሚሠራበትን ቦታ እንዴት ይመርጣል? የብዙ ሺህ ሰዎች ምርጫ ሲደመርስ በወንዙ ላይ ምን ያደርሳል? ዕድሜዬን የሠራሁት በዚህ ላይ ስለሆነ አንዳንዱ መልስ ቢረዝም ታገሡኝ።

ጥያቄ። እኅቴ፣ አንድ የማውቀው ወጣት መሐንዲስ ከተማ ወደፊት ወዴት እንደሚሰፋ በኮምፒውተር የሚያሰላ ሞዴል እንዳለ ነገረኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በለገጣፎ በኩል ትንሽ መሬት ለመግዛት አስቤያለሁ። ሞዴሉ ቀጣዩ ሰፈር የት እንደሚሆን ካወቀ ቀድሜ ብይዝ ምን ይመስልሻል? (ከአያት)

መልስ። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ሞዴል በእርግጥ አለ። መሬት እንዲገዙበት ግን አልመክርዎትም፤ ሞዴሉ የሚናገረው ስለ እርስዎ መሬት አይደለምና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአካባቢው ካርታ በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል። ብዙ ጊዜ የአንዱ ካሬ ጎን 30 ሜትር ነው፤ ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች መሬትን የሚያነሡት በዚያ ልክ ነው። ከዚያ ስለ እያንዳንዱ ካሬ ይጠየቃል። ጎረቤቶቹ ላይ ቤት አለ? ከአስፋልቱ ምን ያህል ይርቃል? ቁልቁለቱ ምን ያህል ነው? ግንባታ የተከለከለበት ቦታ ነው? ከእነዚህ ውስጥ የትኛው የበለጠ እንደሚመዝን ሞዴሉ የሚማረው ካለፉት ዓመታት ምስሎች ነው። የተማረውን ይዞ ዓመት በዓመት ወደፊት ይራመዳል።

ለአንድ ካሬ 70 በመቶ ዕድል ሰጠ ማለት፣ ያንን ከመሰሉ መቶ ካሬዎች በሰባ ያህሉ ላይ ይሠራል ማለት ነው። የእርስዎ ከሰባዎቹ ይሁን ከሠላሳዎቹ ሊነግርዎት አይችልም። አንድ መንገድ አቅጣጫውን እንዲቀይር ከተወሰነ ደግሞ ካርታው በሙሉ ይለወጣል። ለከተማ ዕቅድ አውጪ ይህ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለአንድ ሰው የጡረታ ገንዘብ ግን ዋስትና አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። ለገዳዲና ድሬ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ግድቦች ናቸው። ከእነርሱ በላይ በሚገኘው መሬት ላይ ግንባታ ሲበዛ የሚታጠበው አፈርና የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ የሚሄደው ወደዚያው ነው። እርስዎ በአያት ቧንቧ ሲከፍቱ የሚጠጡት ያንኑ ውሃ ሊሆን ይችላል። የሚሸጥልዎት ሰው ሕጋዊ ካርታ ከሌለው ይለፉት። ካርታ ካለውም ክረምት ላይ ሄደው ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በእግርዎ ዞረው ይዩ።

ጥያቄ። ልጄ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። የምኖረው ቀበና ወንዝ ዳር ነው፤ ልጆቼን ሁሉ የወለድኩት እዚሁ ነው። ዝናቡ ያው የድሮው ዝናብ ነው፤ ወንዙ ግን ያው አይደለም። ድሮ እንጦጦ ላይ ሲዘንብ ካየን ቡናችንን አፍልተን፣ አቦል ጠጥተን፣ ቶና ላይ ስንደርስ ነበር ወንዙ የሚሞላው። አሁን ቡናው ሳይቆላ ድንጋይ እያንከባለለ ይደርሳል። በበጋ ደግሞ የሚወርደው ውሃ ሳይሆን ሽታ ነው። ምን ተደርጎ ነው? (ከቀበና)

መልስ። እናቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ዝናብ ከጣለበት ሰዓት አንሥቶ ወንዙ እስኪሞላ ያለውን ጊዜ እኛ በመሣሪያ ለመለካት ብዙ እንደክማለን፤ ያጠረው ያ ጊዜ መሆኑን እርስዎ በቡናው አውቀውታል።

ከላይ ልጀምር። እንጦጦ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ድንበር ነው። ከተራራው ሰሜን የወደቀው ዝናብ በሱሉልታ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከደቡብ የወደቀው የእርስዎ ነው፦ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎቹም ተገናኝተው ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። በምዕራብ በኩል ትንሹ አቃቂ ይወርዳል። ሁለቱ አቃቂዎች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና አዋሽን ይቀላቀላሉ፤ ቆቃን አልፈው፣ ባሕር ሳያዩ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃሉ። ወደ አቃቂ ውሃ የሚልከው ይህ ሁሉ መሬት፣ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው፣ የአቃቂ ተፋሰስ ይባላል። አዲስ አበባ ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ በውስጡ ናት።

በ1976 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር በከተማዋ የነበረው ሰው 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እርስዎም በዓይንዎ እያዩት ነው፤ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ሁሉም ገበሬ ያርስባቸው የነበሩ ቦታዎች ናቸው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እናድርገው። 200 ካሬ ሜትር መሬት ይያዙ። በአንድ ብርቱ ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ውሃ ወደቀበት እንበል። ይህ 10,000 ሊትር ነው፤ በባለ 200 ሊትሩ በርሜል 50 በርሜል። መሬቱ ሣር የለበሰ ቢሆን ሩቡ ያህል፣ ማለትም 12 በርሜል ገደማ በላዩ ይፈስሳል፤ የቀረው ይሰርጋል። በዚያው መሬት ላይ ቆርቆሮ ቤት ተሠርቶ ግቢው በሙሉ በሲሚንቶ ሲነጠፍ ግን ከ40 በርሜል በላይ ወዲያው ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ ወንዝ ይገባል። አንድ ቤት ምንም አያመጣም። ከእርስዎ በላይ ያሉትን ሺህ ግቢዎች ሲደምሯቸው ነው ድንጋዩ የሚንከባለለው።

ሣር ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ግን ልንገርዎት። ወደ አቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቅና የመጀመሪያውን ዝናብ ይውጣል። ነሐሴ ላይ ጠግቦ ሲያብጥ ግን እርሻም ቢሆን ውሃውን ያንሸራትታል። ስለዚህ የከተማው ግንባታ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው በግንቦትና በሰኔ፣ አፈሩ ገና ሲጠማ በሚወርደው ድንገተኛ ዝናብ ላይ ነው። ያን ጊዜ መስኩ ሊጠጣው ይችል የነበረውን ጣሪያው ወደ እናንተ ይልከዋል።

የበጋው ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ክረምት ላይ ያልሰረገ ውሃ በጥር ምንጭ ሆኖ አይወጣም። ወንዙ የራሱን ውሃ ሲያጣ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ብቻ ይቀርለታል። ያ ፍሳሽ ነው በመካኒሳና በአቃቂ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣው፤ ያ ፍሳሽ ነው አባ ሳሙኤልን በእምቦጭ የሸፈነው። ይህን ስጽፍ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም ከታች ያለው ገበሬ ከላይ ስለሚሠራው ቤት ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ሞዴል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የከተማውን መስፋት የሚያሰላውን ከዝናቡ ፍሰት ጋር ስናጣምረው፣ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ጥያቄ ልናቀርብለት እንችላለን። በዚህ ሸንተረር ላይ እንደተለመደው ቢሠራ ቀበና ድልድይ ጋ ውሃው ምን ያህል ከፍ ይላል? ያው ቁጥር ያለው ቤት ፎቅ ሆኖ በግማሹ መሬት ላይ ቢሠራና የቀረው ዛፍ ቢሆንስ? ከወንዙ ግራና ቀኝ ሰፊ ቦታ ክፍት ቢተውስ? ለሚመጣው ሰው ቤት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ ሰው በኪራይ አልተንከራተተም ማለት ነው። የእኔ ክርክር ቤቱ አይሠራ አይደለም። የት እንደሚሠራ ሲወሰን የታችኛው ሰው ወጪ ሒሳቡ ውስጥ ይግባ ነው የምለው።

ለእርስዎ ቤት ደግሞ፣ ውሃው እስካሁን የደረሰበትን ከፍተኛ ቦታ ግድግዳ ላይ ምልክት ያድርጉበት። እንደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለ ቦታ፣ ከእናንተ በላይ ከፍታ ቦታ የሚኖር ዘመድ ካለዎት ዝናቡ ሲበረታ ስልክ እንዲደውል ያስለምዱት፤ በቀበናው መስመር ላይ ያለው ይሻላል። ማታ ማታ ከሆነ ዕቃ ለማዳን አይቆዩ። የልጅ ልጅዎን እጁን ይባርክ ብያለሁ፤ ጽሑፉ ያምራል።

ጥያቄ። ውድ እኅታችን፣ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጆቹ አደጉ፣ አፓርታማው ጠበበን። ወደ ሰሜን ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤት እየፈለግን ነው። አንዳንዱ ቦታ በ25 ኤከር አንድ ቤት ብቻ ነው የሚፈቀደው ይሉናል፤ ሌላው ቦታ ደግሞ የራሱ የውሃ ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ (የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ያለው ቤት በአንድ ኤከር ላይ ይገኛል። ይህ ሁሉ ባዶ መሬት እያለ ለምን ይከለከላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ። በዚህ ጉዳይ የምትኖሩበት አገር ለሙያችን እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ የኖረ ነው፤ ስለዚህ በደስታ እመልሳለሁ።

በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል አልፎ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚወርደው የፓቱክሰንት ወንዝ ከምንጩ እስከ አፉ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ተፋሰሱ 2,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአቃቂን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል። በላይኛው ክፍሉ ትሪያዴልፊያና ሮኪ ጎርጅ የሚባሉ ሁለት ግድቦች አሉ። የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች (የግዛቱ የአስተዳደር ክፍሎች) የቧንቧ ውሃ ከፖቶማክና ከእነዚህ ይመጣል። እናንተ አሁን መኖሪያ የምትፈልጉት የራሳችሁ የመጠጥ ውሃ በሚመነጭበት አካባቢ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ከሁለቱ ከተሞች የወጣው ሰው በዚህ ተፋሰስ ላይ ተበተነ። ወንዙ ደፈረሰ። በርኒ ፋውለር የሚባሉ በታችኛው ወንዝ ዳር ያደጉ ሰው ነበሩ፤ በወጣትነታቸው እስከ ትከሻቸው ውሃ ውስጥ ገብተው እግራቸውን ያዩ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእርሳቸው ካውንቲ ጋር ሆነው የታችኞቹ ካውንቲዎች ከላይ የሚለቀቀውን ፍሳሽ በመቃወም ፍርድ ቤት ሄዱ። ፋውለር ኋላ የግዛቱ ሴናተር ሆኑ፤ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በየዓመቱ ሰኔ ላይ ነጭ ሸራ ጫማ አድርገው ከሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ወንዙ ይገቡ ነበር። ጫማው ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት የወንዙ ጤና መለኪያ ሆነ። ያረፉት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ከማውቃቸው የውሃ መለኪያዎች ሁሉ ይህንን እወደዋለሁ፤ ማንም ሰው ይረዳዋል፤ ማንም ባለሥልጣን ሊያስተባብለው አይችልም።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብትና የሥነ ምህዳር ሰዎች አብረው ይህን ተፋሰስ በኮምፒውተር መሥራት ጀመሩ። ከእነርሱ መካከል ናንሲ ቦክስቴል ካሬ ሳይሆን ሰው የሚወስንበትን ቁራሽ መሬት ተከተሉ። አንድ ገበሬ እርሻውን ለቤት ሠሪ የሚሸጠው መቼ ነው? ቤት ሆኖ የሚያወጣው ዋጋ እርሻ ሆኖ ከሚያስገኘው ሲበልጥ፣ የመንጣሪያውና የመንገዱ ወጪ ተቀንሶ፣ ቆይቶ ከመሸጥ ዛሬ መሸጥ ሲሻል። ኤሌና ኧርዊን ከእርሳቸው ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ያገኘው ነገር እናንተን በቀጥታ ይመለከታል። በከተማ ዳርቻ አንድ ቦታ ላይ ቤት ሲበዛ አጠገቡ ያለው መሬት ቤት የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል፤ ሰው ከጎረቤት ሸሽቶ ክፍት መስክ ይፈልጋልና። ሁሉም ክፍት መስክ ሲፈልግ መስኩ ይበጣጠሳል። መበታተኑን የሚፈጥረው የእያንዳንዱ ቤተሰብ ተገቢ ፍላጎት ነው፤ የእናንተም ጭምር።

የ25 ኤከሩ ሕግ የመጣው ከዚህ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1980 እ.ኤ.አ. 93,000 ኤከር ያህል፣ የካውንቲውን አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ መሬት ለእርሻ አስቀረ። በ25 ኤከር፣ ማለትም በ10 ሄክታር አንድ ቤት ብቻ ይፈቀዳል። ገበሬው እንዳይጎዳ ደግሞ ያልተጠቀመበትን የመሥራት መብት ነጥሎ እንዲሸጥ ተደረገ፤ የሚገዛው ቤት ሠሪ ያንን መብት ይዞ ወደ ባቡርና ወደ ሱቅ ቀረብ ባለ ቦታ ከተፈቀደው በላይ ብዙ ቤት ይሠራል። ቤቶቹ አይቀሩም፤ ቦታ ይቀይራሉ። እኔ ከማውቃቸው የመሬት ሕጎች ይህንን ከጥሩዎቹ እቆጥረዋለሁ።

በአንድ ኤከር ላይ ስላለው ቤት ግልጽ ልሁን። የሴፕቲክ ታንክ ውሃ መሬት ውስጥ ሰርጎ ሲሄድ ናይትሮጅን ይዞ ነው፤ ያ ናይትሮጅን ቼሳፒክ ደርሶ አልጌ ያበቅላል፤ አልጌው ሲበሰብስ ዓሣና ሸርጣን የሚተነፍሱትን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ግዛቱ በ2012 እ.ኤ.አ. በሴፕቲክ የሚሠሩ ትላልቅ ሰፈሮችን የሚገድብ ሕግ ያወጣው ለዚህ ነው። ከገዛችሁ የታንኩን ዕድሜና የተጠረገበትን ጊዜ ጠይቁ፤ የጉድጓዱን ውሃ በላቦራቶሪ አስመርምሩ። ምክሬን ከጠየቃችሁኝ ግን በርተንስቪል ወይም ኮሎምቢያ ውስጥ፣ የሕዝብ ፍሳሽ መስመር ያለው፣ ትንሽ ጓሮ ያለው ቤት ፈልጉ። ለጤና አዳምና ለበሶብላ የሚሆን ቦታ አይጠፋም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም አይርቃችሁም።

ጥያቄ። እትዬ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ደብረ ብርሃን ከተማ ስትሰፋ በበሬሳ ወንዝ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እየሠራሁ ነው። ሞዴሌን ከእውነተኛው ምስል ጋር ሳስተያየው 95 በመቶ ትክክል ሆነ። አማካሪዬ ግን አልተደሰቱም፤ ምክንያቱን በደንብ አልነገሩኝም። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ። አማካሪሽ ልክ ናቸው። በመረጥሽው ጊዜ ውስጥ ከካሬዎቹ አምስት በመቶው ብቻ ተለውጦ ከሆነ፣ «ምንም አይለወጥም» የሚል ሰው ያለ ኮምፒውተር 95 በመቶ ትክክል ይሆናል። ስለዚህ የተለወጡትን ብቻ ለይተሽ ቁጠሪ፦ ሞዴሉ ይለወጣል ብሎ በእርግጥ የተለወጠው ስንት ነው፣ ያመለጠው ስንት ነው፣ በከንቱ የጠራው ስንት ነው? ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን አትደንግጪ። «ምንም አይለወጥም» ከሚለው ከተሻለ የሠራሽው ሥራ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰውየው ውሳኔ ነው። በሜሪላንድ ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ነው፤ መቼ እንደሚሸጥ ይወስናል። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ከተማው ሲቀርበው የሚያሰላው ሌላ ነገር ነው፦ መሬቴ ለልማት ተብሎ ከመወሰዱ በፊት፣ ካሳው ከማነሱ በፊት፣ ከፋፍዬ በስውር ላስተላልፈው? ይህ ስጋት የጨረቃ ቤቶችን ከከተማው ጫፍ አስቀድሞ ያበቅላቸዋል፤ የመንገድ ርቀትና ቁልቁለት ብቻ የያዘ ሞዴል አያየውም። የከተማው ወሰን የተለወጠባቸውን ዓመታትና መሬት ሊወሰድ ነው የተባለባቸውን ቀበሌዎች እንደ አንድ መረጃ አስገቢ። ይህን ከሳተላይት አታገኚውም፤ ሄደሽ አርሶ አደሮቹን ጠይቂ፤ ስማቸውን ግን አትጻፊ።

ስለ ምስሉም አንድ ነገር። የላንድሳት አንድ ካሬ 900 ካሬ ሜትር ነው፤ አዲስ የተሠራች ብቸኛ ጎጆ በውስጡ ትጠፋለች። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ላለው ጊዜ ሴንቲኔል 2 የሚሰጠውን ባለ 10 ሜትር ምስል ተጠቀሚ፤ በነጻ ነው። በመጋቢት የተነሣ ምስል ላይ የታረሰ ደረቅ መሬትና የጭቃ ቤት ሰፈር አንድ ይመስላሉ። ሰብሉ ገና ሳይታጨድ፣ ደመናው ከሄደ በኋላ፣ በጥቅምት የተነሣውን ምረጪ፤ ለሁሉም ዓመት ያንኑ ወር ያዢ።